«ሼክ-አፕ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በትክክል ለመጠቀም

በእንግሊዝኛ የሚዘጋጁ ዜናዎችን የሚከታተል ሰው፣ ወይም የሥራ ደብዳቤዎች በእንግሊዝኛ በሚጻፉበት ድርጅት ውስጥ የሚያገለግል ሠራተኛ፣ «ሼክ-አፕ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ያገኘዋል። ቃሉ አጭርና ቀላል ስለሚመስል ብዙዎቻችን ከዐውዱ ገምተን እናልፈዋለን። ችግሩ የሚመጣው ራሳችን ልንጽፈው ወይም ወደ አማርኛ ልንመልሰው ስንነሣ ነው። በትርጉም ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዋቅሩን ስለ መቀየሩ በተጻፈ የእንግሊዝኛ ዘገባ ውስጥ ይህን ቃል «ነውጥ» ብዬ ተርጉሜው ነበር። ዘገባው የሚናገረው መምሪያዎች ስለ መዋሐዳቸውና ኃላፊዎች ስለ መቀያየራቸው ሲሆን፣ በአማርኛ ያነበቡት ሰዎች ግን ሠራተኞቹ ረብሻ ያስነሡ መስሏቸው ነበር። አንድ ቃል አለቦታው በመግባቱ ሰላማዊ የነበረ መሥሪያ ቤት የታወከ ሆኖ ተነበበ። ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል ሳገኝ ቆም ብዬ ሦስት ነገሮችን እጠይቃለሁ፤ ለአንባቢም የማካፍለው ይህንኑ ልማድ ነው።

ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። ያናወጠው ማን ነው? ለውጡ የመጣው በአንድ ጊዜ ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ከለውጡ በኋላ ተቋሙ በቦታው አለ ወይስ የለም? «ሼክ-አፕ» ማለት በአንድ ተቋም፣ መንግሥት፣ ድርጅት ወይም ቡድን ውስጥ፣ ሥልጣን ባለው አካል ውሳኔ፣ በአጭር ጊዜ የሚደረግ ሰፊ የሰዎች ወይም የአሠራር ለውጥ ነው። ከእነዚህ ነገሮች አንዱ ከጎደለ ቃሉ ያነክሳል።

የቃሉን ሥር ማየት ትርጉሙን ለማስታወስ ይረዳል። «ሼክ» መነቅነቅ ሲሆን «አፕ» ወደ ላይ ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ የቆየ የሽሮፕ መድኃኒት ከሥሩ ዝቃጭ ስለሚይዝ፣ ከመውሰዳችን በፊት ጠርሙሱን እንነቀንቀዋለን፤ ከታች የረጋው ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይ የነበረው ይወርዳል፣ ሁሉም እንደ ገና ይደባለቃል። ጠርሙሱ ግን ያው ጠርሙስ ነው። የቃሉ ምስል ይህ ነው፤ የረጋ ነገር አለ፣ የሚነቀንቅ እጅ አለ፣ ሳይሰበር የሚቆይ ዕቃም አለ።

ዕቃው ሲሰበር ቃሉ ሥራውን ያቆማል። ለዚህ ከራሳችን ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ከሥልጣን ሲለቅና ልጅ እንዳልካቸው መኮንን አዲስ ካቢኔ እንዲያቋቁሙ ሲሾሙ፣ ክሥተቱን ለብቻው ለይቶ ለሚጽፍ ሰው «ካቢኔት ሼክ-አፕ» የሚለው አገላለጽ ሊያስኬድ ይችል ነበር፤ ምክንያቱም ዙፋኑም ሥርዓቱም በቦታቸው ነበሩ። ይሁንና መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሲወርዱ የሆነውን ነገር በዚሁ ቃል የሚጠራ ጸሐፊ የአንድ ዘመን ፍጻሜን ወደ ቢሮ ጉዳይ ዝቅ ያደርገዋል። እንግሊዝኛ ለዚህ ዓይነቱ ነገር «ሬቮሉሽን» ወይም «አፕሂቫል» የሚሉ ቃላት አሉት። «አፕሂቫል» ከሥር ወደ ላይ መገንፈልን፣ መሬት ራሱ መነሣቱን የሚያመለክት ቃል ነው። ጦርነት፣ ስደት፣ የረኀብ ዘመን፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሁሉ «ሼክ-አፕ» አይባሉም። በተለይ የሰው ሕይወት የጠፋበትን ነገር በዚህ ቃል መጥራት በእንግሊዝኛ አንባቢ ዘንድ ግድየለሽነት ሆኖ ይቆጠራል።

ቃሉ የማን ቃል ነው?

መዝገበ ቃላት ብዙውን ጊዜ የማይነግረን፣ ነገር ግን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመን ነገር አለ፤ «ሼክ-አፕ» በአብዛኛው ከውጭ ሆኖ የሚመለከት ሰው ቃል ነው። ጋዜጠኛ ይጽፈዋል፣ ሠራተኞች ቡና ሲጠጡ ይሉታል፣ ተንታኝ ይጠቀምበታል። ለውጡን የሚያካሂደው አካል ግን በይፋዊ ደብዳቤው ላይ ይህን ቃል እምብዛም አያሰፍረውም። ቃሉ ውስጥ «ነገሩ ረግቶ፣ ደርቆ፣ ምናልባትም ተበላሽቶ ነበር» የሚል ስውር ፍርድ ስላለበት፣ ድርጅቶች ለራሳቸው ለስለስ ያለ ስም ይመርጣሉ።

በኦክቶበር 29 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሞባይል ሶፍትዌር ኃላፊው ስኮት ፎርስታልና የችርቻሮ መደብሮች ኃላፊው ጆን ብሮዌት እንደሚለቁ፣ ሥራቸውም ለሌሎች ኃላፊዎች እንደሚከፋፈል አስታወቀ። የመግለጫው ርእስ በአማርኛ ሲመለስ፣ በሃርድዌር፣ በሶፍትዌርና በአገልግሎት ክፍሎች መካከል ትብብርን ለመጨመር የሚደረጉ ለውጦች የሚል ነበር። የዜና ሰዎች ያንኑ ጉዳይ «ማኔጅመንት ሼክ-አፕ» ብለው ዘገቡት። ሁለቱም ስለ አንድ ውሳኔ ነው የሚናገሩት፤ አንደኛው ከቤቱ ውስጥ፣ ሌላው ከደጃፍ ሆኖ።

ስለዚህ ቃሉን ከመጻፍዎ በፊት የት እንደ ቆሙ ያስቡ። የመሥሪያ ቤትዎን ለውጥ ለደንበኞች ወይም ለለጋሾች የሚያስታውቅ ደብዳቤ የሚያዘጋጁ ከሆነ «ሪኦርጋናይዜሽን» ወይም «ሪስትራክቸሪንግ» ይበሉ። የመጀመሪያው እንደ ገና ማደራጀት፣ ሁለተኛው መዋቅርን እንደ ገና መሥራት ሲሆን፣ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የወጪ ቅነሳንና የሠራተኛ ቅነሳን አብሮ ይጠቁማል። ዜና ወይም ትንታኔ የሚጽፉ ከሆነ ግን «ሼክ-አፕ» ጥሩ ቃል ነው። ለአለቃ በሚጻፍ ደብዳቤ ውስጥ፣ እርሱ ራሱ ያካሄደውን ለውጥ በዚህ ቃል መጥራት ሳያስቡት ነቀፋ ሊሆን ስለሚችል ቢተዉት ይሻላል።

ሰዎች ናቸው የተቀየሩት ወይስ አሠራሩ?

ቃሉ ለሁለቱም ስለሚያገለግል አንባቢ የትኛው እንደ ሆነ ከዐውዱ መለየት አለበት። ሰዎች ብቻ ቦታ ሲለዋወጡ እንግሊዝኛ የተለየ ቃል አለው፤ «ሪሻፍል» ይለዋል፤ የተወሰደውም ካርታ ከመበወዝ ነው። የእኛ ጋዜጦች «የካቢኔ ብወዛ» የሚሉት ከዚሁ ምስል ጋር ይገጥማል። በሐምሌ ወር 1962 እ.ኤ.አ. የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን የገንዘብ ሚኒስትራቸውን ጨምሮ 7 የካቢኔ አባላትን በአንድ ጊዜ አሰናበቱ፤ ይህም ከካቢኔው ሢሶ ያህሉ ነበር። ነገሩ «ሪሻፍል» ቢባል ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ከስፋቱና ከድንገተኛነቱ የተነሣ «ሼክ-አፕ» የሚለው ክብደቱን በተሻለ ይገልጸዋል። ሁለት ሚኒስትሮች ቦታ ቢለዋወጡ ግን «ሼክ-አፕ» ማለት ማጋነን ነው።

አሠራር ሲቀየር ደግሞ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ላይ የተደረገው ለውጥ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው የጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ ሕግ መሠረት፣ የሕክምና አገልግሎት በየአካባቢው ይገዙ የነበሩ ከ150 በላይ መሥሪያ ቤቶች በቀጣዩ ዓመት በኤፕሪል ወር ፈርሰው፣ ሥራቸው ጠቅላላ ሐኪሞች ለሚመሯቸው ቡድኖች ተላለፈ። እዚህ ላይ የተነቀነቀው ወንበር ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድም ጭምር ነው። ሐኪሙ፣ ሆስፒታሉና ሕመምተኛው ግን በቦታቸው ቀሩ።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በአገራችን የተደረገው የካቢኔ ለውጥ ሁለቱንም ያጣመረ ነበር። የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ ቁጥር ከ28 ወደ 20 ሲወርድ መዋቅር ተነካ፤ ከተሾሙት ሚኒስትሮች ግማሾቹ ሴቶች ሲሆኑ ደግሞ ሰዎቹ ተቀየሩ። ይህን በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው «ሪሻፍል» ብሎ ቢያልፈው የመዋቅሩን ክፍል ይጥላል፤ «ሪስትራክቸሪንግ» ቢለው የሹመቱን ክፍል ይጥላል። «ሼክ-አፕ» ለእንዲህ ዓይነቱ ድብልቅ ሁኔታ የተሠራ ቃል ነው ብል አላጋነንሁም።

ከእነዚህ ጋር የሚቀራረበው «ኦቨርሆል» የሚለውን ቃል ለማስረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገኝም፤ ጋራዥ የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሞተር ኦቨርሆል ሲደረግ ሙሉ በሙሉ ይፈታል፣ ይጸዳል፣ ያለቀው ዕቃ ይቀየራል፣ ተመልሶ ይገጠማል። ሥራው ጊዜ ይፈልጋል፣ በቅደም ተከተልም ይሄዳል። ስለ ሕግ ወይም ስለ ትምህርት ሥርዓት ሲጻፍም ትርጉሙ ይኸው ነው። ለዓመታት የተጠና፣ ደረጃ በደረጃ የሚፈጸም ለውጥ ካለ «ኦቨርሆል» ይበሉት፤ ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ቢሮ ሲገባ የሚሰማው ከሆነ «ሼክ-አፕ» ነው።

አጻጻፍና አገባብ

ስም ሆኖ ሲያገለግል በሁለቱ ክፍሎች መካከል ሰረዝ ይገባል፤ አንዳንድ የአሜሪካ ጽሑፎች አንድ ላይ ያያይዙታል። ግስ ሲሆን ግን ሁልጊዜ ሁለት ቃል ነው። በንግግርም ልዩነት አለ፤ ስሙን ስንጠራ ድምፁ «ሼክ» ላይ ይጠብቃል፣ ግሱን ስንጠራ «አፕ» ላይ ይበረታል። ይህን ልዩነት የማይጠብቅ ተናጋሪ ንግግሩ ባይበላሽበትም አድማጩ ለአፍታ ይደናገራል። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ቃሉን እንዳለ ማስገባት ግድ ከሆነ ደግሞ በትእምርተ ጥቅስ ይክበቡት፤ «ሼክ» በእኛ ዘንድ የሃይማኖት መምህር ማዕረግ ሆኖ ስለሚነበብ ያለ ምልክት ሲቀር ያሳስታል።

ግሱ ያልተለመደ አረባብ አለው፤ የኀላፊው ቅርጽ «ሹክ አፕ»፣ በተገብሮ ሲገባ «ሼከን አፕ» ነው። ተውላጠ ስም ሲኖር በመካከል ይገባል፤ «ሼክ ኢት አፕ» ትክክል ሲሆን «ሼክ አፕ ኢት» ስሕተት ነው። ሙሉ ስም ሲሆን ግን በመካከልም ሆነ ከኋላ ቢመጣ ያስኬዳል።

አማርኛ ተናጋሪዎች አዘውትረን የምንሳሳተው ግን በሌላ ቦታ ነው። እኛ «ሹም ሽር አደረጉ»፣ «ለውጥ አካሄዱ» ስለምንል፣ እንግሊዝኛውንም ማድረግ ከሚለው ግስ ጋር አዳብለን «ሜድ ኤ ሼክ-አፕ» ወይም «ዲድ ኤ ሼክ-አፕ» ብለን እንጽፋለን። ሁለቱም ለእንግሊዝኛ ጆሮ አይጥሙም። ስሙ የሚሄደው ከማስታወቅ፣ ከማዘዝ፣ ከመጋፈጥና ከማለፍ ጋር ነው፤ አለቃው ያስታውቀዋል፣ ድርጅቱ ይጋፈጠዋል። ማድረግን መግለጽ ሲፈልጉ ስሙን ትተው ግሱን ይውሰዱ፤ አዲሷ ሥራ አስኪያጅ መምሪያውን «ሹክ አፕ» አደረገች ማለት ሳይሆን፣ «ሹክ አፕ» ራሱ ግስ ሆኖ መምሪያውን ይገዛል። መስተዋድዱም ይለያያል። የተለወጠው ነገር ሲጠቀስ «ኦቭ»፣ የድርጅት ስም ሲከተል «አት»፣ ዘርፍ ወይም አካባቢ ሲከተል «ኢን» ይገባል።

ቅጽል ሲጨምሩ ደግሞ ይቈጥቡ። «በአንድ ትውልድ ውስጥ ትልቁ ሼክ-አፕ» የሚለው የጋዜጣ አገላለጽ ከመደጋገሙ የተነሣ ክብደቱን አጥቷል። «ቀስ በቀስ የሚደረግ ሼክ-አፕ» ማለትም እርስ በርሱ ይጋጫል።

በዕለት ተዕለት ንግግር ግሱ ቀለል ያለና ደስ የሚል ትርጉምም አለው። «ሼክ ቲንግስ አፕ» ማለት የተለመደውን ነገር ለወጥ ማድረግ ነው፤ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው በሌላ መንገድ ሲሄድ፣ አሠልጣኝ ለተከታታይ ጨዋታዎች ሳይለውጠው የቆየውን አሰላለፍ ሲቀይር እንዲህ ይባላል። በዚህ አገባቡ ነቀፋ የለበትም።

ወደ አማርኛ ሲመለስ

ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ አንድ ቃል በአንድ ቃል የመተካት ፈተና ስላለ። የተቀየሩት ባለሥልጣናት ሲሆኑ «ሹም ሽር» ከእንግሊዝኛው ይልቅ ግልጽ ነው፤ ሹመትንም ሽረትንም በአንድ ላይ ይዟል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚለው አባባል ያደገ አንባቢ ወዲያው ይገባዋል። ሆኖም ሹም ሽር ለመንግሥትና ለትልልቅ ተቋማት ሹማምንት ነው እንጂ የአንድን ሱፐርማርኬት ሠራተኞች መቀያየር አይገልጽም። ለእርሱ «ሽግሽግ» ወይም «ድልድል» ይሻላል። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ «ቢፒአር» ተብሎ የሚታወቀው መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲካሄድ የሠራ ሰው ሁሉ «ድልድል» የሚለውን ቃል ስሜቱን ጭምር ያስታውሰዋል፤ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስምን መፈለግ፣ የትኛው የሥራ ሂደት ላይ እንደ ተመደቡ ማየት። አሠራር ወይም መዋቅር ብቻ ሲቀየር «መልሶ ማዋቀር» ወይም «መልሶ ማደራጀት» በቂ ነው፤ ድንገተኛነቱን ለማሳየት «በድንገት» ወይም «ከላይ እስከ ታች» የሚል መግለጫ ይጨመርበታል።

ከሁሉ የሚያሳስተው «መናጥ» የሚለው ግስ ነው። ምስሉ ከእንግሊዝኛው ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ወተቱ በቅል ሆኖ ይናጣል፣ ይወዘወዛል፣ ቅቤው ከአሬራው ተለይቶ ወደ ላይ ይወጣል። ተርጓሚ ይህን ሲያይ ትክክለኛውን ቃል ያገኘ ያህል ይደሰታል። ነገር ግን አማርኛ ቃሉን ከጓዳ አውጥቶ ወደ ፖለቲካ ሲወስደው ቅቤውን አልወሰደም፤ «አገሪቱን የናጣት ቀውስ»፣ «በጦርነት የተናጠ አካባቢ» ስንል ናጩ የታወቀ ሰው አይደለም፣ ዓላማም የለውም፣ የተረፈን ነገር ሥቃይ ብቻ ነው። ይህ «ተርሞይል» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ይስማማል። «ነውጥ» ደግሞ ከዚህም አልፎ ሕዝባዊ ብጥብጥን ያስታውሳል። ስለዚህ አንድ ባንክ ሦስት ምክትል ፕሬዚዳንቶቹን ስለ ቀየረ «ባንኩ ተናጠ» ብሎ መጻፍ ደንበኞችን በከንቱ ማስደንገጥ ነው። የቃል ምርጫ ሰዎች ገንዘባቸውን ለማውጣት እንዲሰለፉ ሊያደርግ የሚችልበት ጊዜ ስላለ፣ ይህን ነጥብ ደጋግሜ አነሣዋለሁ።

በቅርብ ቆመው የሚያደናግሩ ቃላት

«ሼክዳውን» ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፤ በማስፈራራት ገንዘብ መቀበልን ወይም ጥብቅ ፍተሻን ያመለክታል። የፖሊስ ኃላፊዎች ተቀያየሩ ለማለት አስቦ «ፖሊስ ሼክዳውን» ብሎ የሚጽፍ ሰው የከበደ ክስ ማቅረቡን ላያውቅ ይችላል። «ሼክ-አውት» ደግሞ በገበያ ውስጥ ደካሞቹ ድርጅቶች ወድቀው ጠንካሮቹ ሲቀሩ የሚባል ነው፤ እህል በሰፌድ ሲበጠር ገለባው እንደሚወጣ ያለ ነገር ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. በኋላ ብዙ የኢንተርኔት ኩባንያዎች የከሰሙበት ጊዜ በዚህ ቃል ይገለጻል፤ ማንም አለቃ ስላላዘዘው «ሼክ-አፕ» አይባልም።

«ሼከን አፕ» የሚለው ቅርጽ ለመሥሪያ ቤት ሲነገር መለወጥን፣ ለሰው ሲነገር ግን መደናገጥን ይገልጻል። ከመኪና አደጋ ያለ ጉዳት የወጣች ሴት «ሼከን አፕ» ነች ሲባል ሰውነቷ ደህና ሆኖ መንፈሷ ታውኳል ማለት ነው። ለሐኪም ወይም ለፖሊስ በእንግሊዝኛ ቃል የሚሰጥ ሰው ይህን አገላለጽ ቢያውቀው ይጠቅመዋል፤ አማርኛው «ክው ብያለሁ» የሚለውን በትክክል ይመልሳል።

ለውጡ እርስዎን ሲነካ

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ ቃል ዙሪያ የሚያጋጥማቸው ትልቁ ጉዳት ከቃሉ ሳይሆን፣ ከለውጡ በኋላ ስለ ራሳቸው ከሚናገሩት ዐረፍተ ነገር የሚመጣ ነው። ድርጅቱ ራሱን ሲያደራጅ የሥራ መደቡ የታጠፈበት ሰው በአማርኛ «ተባረርሁ» ይላል፤ ወደ እንግሊዝኛም «አይ ዋዝ ፋየርድ» ብሎ ይመልሰዋል። በእንግሊዝኛ ግን «ፋየርድ» በአብዛኛው በራስ ጥፋት ወይም በሥራ ድክመት መሰናበትን ሲያመለክት፣ መደብ ሲታጠፍና ሠራተኛ ሲቀነስ የሚባለው «ሌይድ ኦፍ» ነው። ልዩነቱ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለሥራ አጥነት ድጎማ ሲያመለክቱ መጠይቁ ከሥራ የወጡበትን ምክንያት ይጠይቃል፤ ለተቀነሰ ሰው የሚፈቀደው ክፍያ በከባድ ጥፋት ለተሰናበተ ሰው ሊከለከል ይችላል። ዝርዝሩ እንደየግዛቱ ሕግ ይለያያል። በአማርኛም ቢሆን «ተቀነስሁ» የሚል ትክክለኛ ቃል ስላለን፣ በልባችን ውስጥ ያለውን ኀዘን «ተባረርሁ» በሚለው ብንገልጸውም ቅጽ ላይ ስንሞላ ግን ወደ እርሱ እንመለስ።

በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይም የቀድሞውን ድርጅት «ሼክ-አፕ» እንደ ነበረበት መናገር ቅሬታ ስለሚመስል፣ የሥራ መደብዎ በ«ሪኦርጋናይዜሽን» ምክንያት እንደ ታጠፈ፣ ስንት ሰዎች አብረው እንደ ተቀነሱም ካወቁ ጨምረው፣ በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ቢያስረዱ በቂ ነው። የስንብት ደብዳቤውን ሲቀበሉ፣ ከመፈረምዎ በፊት የተጠቀሰውን ምክንያት በእርጋታ ያንብቡ። መደቡ ታጥፎ ሳለ ደብዳቤው ሌላ ምክንያት ከጻፈ፣ እዚያው እንዲስተካከል በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የጥያቄዎንም ግልባጭ ለራስዎ ያስቀሩ።